ደረቅ ቦይ ውስጥ የሰጠመው ሰው

ሬሳውን ያገኙት ሩዝ አራሚዎቹ ናቸው።

ሐሙስ ጠዋት፣ ከአንድ ሰዓት አለፍ ሲል፣ ሰባት ሴቶች በቦዩ ዳር ተከታትለው ይሄዱ ነበር። የፊተኛዋ ድንገት ቆመች። ከኋላ ያሉት እርስ በርስ ተላተሙ። አንዷ መሳደብ ጀምራ ሳትጨርስ ተወችው። ከውሃው በር ሃያ እርምጃ ዝቅ ብሎ የሸምበቆ ሥር አንድ ቡናማ ጃኬት ይዟል። ውሃው ጃኬቱን ያወዛውዘዋል።

ጃኬቱ ውስጥ ሰው ነበር።

«ጋሽ ሐሙስ!» አለች የፊተኛዋ። «ጋሽ ሐሙስ፣ ተነስ እንጂ!»

አልተነሳም።

ጋሽ ሐሙስ የእርሻ ድርጅቱ የውሃ በር ጠባቂ ነበር። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቀው የሠራተኞች ፋይል ብቻ ነው። ሐሙስ ያሰኘው ሥራው ነው። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ጎህ ሲቀድ የብረቱን በር ዘግቶ ቦዩንና ማሳውን ያደርቃል፤ ዓርብ ጎህ ሲቀድ ይከፍታል። ደንቡ ከሩዙም በፊት የነበረ ነው። የወባ ትንኝ እጭ ክንፍ ለማውጣት ከአንድ ሳምንት በላይ የረጋ ውሃ ያስፈልጋታል። በየሳምንቱ ከደረቀባት ሳትበር ጭቃ ላይ ትቀራለች። ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ጋሽ ሐሙስ አልገባም፤ ግን ገብቶታል።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሬሳው ሣር ላይ ተጋድሞ ነበር። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። እሷ ግን መጀመሪያ ሬሳው የነበረበትን ቦታ ማየት ፈለገችና ከነቡትስዋ ቦዩ ውስጥ ገባች። ውሃው ወገቧ ደረሰ።

«ኧረ ኢንስፔክተር፣ ቡትስዎ!» አለ አብሯት የመጣው ኮንስታብል። ባልደረቦቹ «ዝምታው» ይሉታል፤ ከተወለደ ጀምሮ ዝም ብሎ ስለማያውቅ።

«ቡትሱ የመንግሥት ነው። አንተም ግባ።»

«እኔ ከላይ ሆኜ በደንብ ይታየኛል።»

ወደ በሩ ሄደች። በሩ ከላይ በብሎን የሚወርድና የሚወጣ የብረት ሰሌዳ ነው። ብሎኑን የሚያዞረው የክንድ ርዝመት ያለው ተነቃይ ማዞሪያ ብረት ነው፤ ጋሽ ሐሙስ ማታ ማታ ቤቱ ይዞት ይገባ ነበር። አሁን በሩ ክፍት ነው። ማዞሪያው የለም።

ከበሩ በላይ ያለውን የግንብ ግድግዳ በመዳፏ ዳሰሰች። ከውሃው ወለል ጀምሮ እስከ አንድ ስንዝር ድረስ ግድግዳው እርጥብ ነው። ከዚያ በላይ ደረቅ።

«ማታ ዘንቦ ይሆናል» አለ ዝምታው።

«ዝናብ በማስመሪያ ያሰምራል እንዴ? ውሃው ከበሩ በላይ የሚቆለለው በሩ ሲዘጋ ነው። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው በሩን ዘግቷል። ሌላ ሰው መልሶ ከፍቷል።»

«ሌላ መሆኑን በምን አወቁ?»

«የዘጋው ሰው እዚያ ሣር ላይ ተኝቷል።»

ከበሩ አጠገብ፣ ግማሽ የተጠገነ ግንብ ሥር አንድ የግንበኛ መዶሻ ተቀምጧል። የመዶሻውን ባለቤት መፈለግ አላስፈለገም። የድርጅቱ ጥበቃዎች ቀድመው ይዘውት፣ በገመድ አስረው፣ ከአንድ ዛፍ ጋር አቁመውታል።

ሥራ አስኪያጁ በቀስታ እየተራመደ መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው። ከቦዩ ዳር አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ቆመ።

«እንኳን ደህና መጡ። አላደከምንዎትም፤ ሰውየው ተይዟል። ሰኞ ዕለት በጤና ጣቢያው በር ላይ ሕዝብ እየሰማ ነው የዛተበት። ይህ መዶሻው ነው። ያሳዝናል። እኔ በግሌ በጣም አዝኛለሁ።»

«በግልዎ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«በድርጅቱም ስም።»

ከቡትስዋ ውስጥ ውሃ እየተንቦጫቦጨ አለፈችውና የግንበኛውን ገመድ ራሷ ፈታች። ከዚያ ካቴና አሰረችው። ሕጉ የሚፈቅደው ይህን ነው።

*

ግንበኛው ጣቢያ ውስጥ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ለመነሳት እንደተዘጋጀ ሰው።

«ዝተህበታል?»

«ዝቻለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«ልጆቼን የበላሃቸው አንተ ነህ አልኩት። በሩን ሳትዘጋ እየዋልክ ልጆቼን ፈጀሃቸው። እኔም አልተውህም አልኩት።» እጁን ፊቱ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ካቴናው ያዘው። «በአንድ ወር ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ። ሦስተኛዋ ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ተሰክቶላት ተኝታለች። የሰባት ዓመት ልጅ ናት። እናት የላትም። ስትነቃ ማንን ነው የምታየው? እመቤቴ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ልሂድ፤ ከፈለጉ ከነካቴናዬ ልሂድ።»

«መዶሻህ ለምን እዚያ ተገኘ?»

«መዶሻዬ እዚያ ነው የሚያድረው! የበሩን ግንብ የምጠግነው እኔ አይደለሁ? ሰው ልገድል ብሄድ መዶሻዬን ለምስክርነት ትቼ እመጣለሁ?»

«ብዙዎቹ ትተው ይመጣሉ» አለ ዝምታው።

«አንተ ዝም በል» አለችው። ወደ ግንበኛው ዞረች። «ከሰኞ በኋላ ከሟቹ ጋር ተገናኝታችኋል?»



«ማክሰኞ ቤቴ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አልገባ አለ። 'ልጄ፣ የሰደብከኝ ልክ ነህ፤ ግን አትዝጋ ተብዬ ነው። ከላይ ታዝዤ ነው' አለኝ። ከሆነስ ለምን ዘግቻለሁ ብለህ ትፈርማለህ አልኩት። 'ምን ላይ?' አለኝ። መዝገቡ ላይ ነዋ፤ የጤና ጣቢያዋ የላብራቶሪ ባለሙያ ግልባጩን አሳይታኛለች፤ በየሐሙሱ ደርቋል ይላል፤ ከሥሩ የአውራ ጣትህ አሻራ አለ አልኩት።»

«ማንበብ አይችልም?»

«አይችልም። በወሩ መጀመሪያ ቢሮ ይጠሩትና ባዶ ገጽ ላይ ከላይ እስከ ታች ጣቱን ያስደርጉታል። 'በየሳምንቱ ከምትመላለስ' ይሉታል፤ ለእግሩ አዝነው። የመዝገቡን ነገር ሲሰማ አውራ ጣቱን አነሳና አየው። አገላብጦ አየው። 'እኔ ሳላውቅ ይቺ ጣት ስትዋሽ ከረመች እንዴ?' አለኝ። ከዚያ 'ሐሙስ እዘጋዋለሁ፤ የመጣው ይምጣ' ብሎ ሄደ። ይኸው ነው። እኔ ያን ሰውዬ ልገድለው? ልከተለው ሲገባኝ ተኝቼ ቀረሁ እንጂ!»

ኢንስፔክተሯ ተነሳች። እርጥብ ካልሲዋ ከወለሉ ጋር ተጣብቆ ድምፅ አሰማ።

«ዝምታው፣ ይህን ሰው ጤና ጣቢያ ውሰደው። ከነካቴናው። ልጅቱ ዘንድ ይቀመጥ፤ አንተም አጠገቡ።»

«ደንቡ እኮ…»

«ደንቡ በየሳምንቱ ቦዩ ይደርቃል ይላል።»

*

ላብራቶሪዋ፣ የጤና ጣቢያው ደም መርማሪ፣ አጭር ሴት ናት። ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ ስለምታይ ሰውንም አንድ ዓይኗን ጨፍና ነው የምታየው። ግድግዳዋ ላይ በእጇ የሣለችው የአካባቢው ካርታ ተለጥፏል። ደማቸው ወባ የተገኘባቸውን ሰዎች ቤት በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ አድርጋበታለች።

«ወንዙ የቱ ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ይኸውልሽ። እዚህ ጋር ስንት ነጥብ አለ?»

«ሦስት።»

«ድሮ ወባ ማለት የወንዝ ዳር ሰው በሽታ ነበር። አሁን ቀዩን ተከተይው።»

ነጥቦቹ ከወንዙ ርቀው፣ ከኮረብታው ሥር ጀምረው፣ እየተጠማዘዙ ሠፈሩን አቋርጠዋል። ቦዩ የሚሄድበትን መንገድ ማንም ሳይነግራቸው ሄደውበታል።

«እንዲህ ያለውን በሽታ ሰዎች ከሰማይ የወረደ ይመስላቸዋል» አለች ላብራቶሪዋ። «መንገዱን የሚጠርግለት ሰው ነው። ሁለት ዓመት ሆነው፤ ኮረብታው ላይ የነበረውን ዛፍ ቆርጠው ጨረሱት። ጎርፉ ይዞት የወረደው አፈር የድሮውን መፍሰሻ ደፈነው፤ ውሃው መሄጃ አጥቶ ተኛ። ከሥር የነበረው ግጦሽ ሩዝ ሆነ። ላሞቹ ተባረሩ። ያቺ ትንኝ ድሮ ማታ ማታ የምትበላው ላም ነበር። ላሟ ስትሄድ ማንን ትብላ?»

«እኛን።»

«ብቻችንን ቀረናላት። ቢሆንም የመጀመሪያው ዓመት ጋሽ ሐሙስ በየሳምንቱ ስላደረቀ ነጥቤ አሥር አልሞላም ነበር። ሩዙም በደንብ አፈራ። ዘንድሮ አሥራ አንድ ሳምንት ሆነው፤ ቦዩ ለአንድ ቀንም አልደረቀም። እጭ ላወጣ በየሳምንቱ በጭልፋ ስለምቀዳ አውቃለሁ። አሥራ አራት ልጅ ሞቷል። አሥራ አራት!» መሳቢያዋን ከፍታ ወረቀቶች አወጣች። «ለድርጅቱ ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስቱም ጊዜ የመዝገቡን ግልባጭ ላኩልኝ። በየሐሙሱ ደርቋል፣ የጠባቂው አሻራ አለበት፣ ሌላ ምክንያት ፈልጊ። ከዚያ ከወረዳ ሰው መጥቶ ማይክሮስኮፕሽ ተበላሽቶ ይሆናል አለኝ።»

«ተበላሽቷል?»

«ዓይንሽን አድርጊና እይ! የግንበኛው ልጅ ደም ነው።»

ኢንስፔክተሯ አየች። ምን እንደምታይ አላወቀችም። ቢሆንም ቀና ስትል ፊቷ ተቀይሮ ነበር።

ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አንዲት ወፍራም ሴትዮ የልጅ ልጇን አዝላ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ከግጦሹ የተባረሩት ላሞች ባለቤት ናት። ዝምታው ከግንበኛው ጎን ሆኖ በአንገቱ ጠቆመ።

«እቺም ዝታ ነበር ይላሉ፤ 'ከእርሻው ሰው አንዱን ሳልደፋ አልሞትም' ብላ።»

«ሰምቼሃለሁ አንተ ረጅም!» አለች ሴትዮዋ። «ዝቻለሁ። ግን ጋሽ ሐሙስን ገድዬ ምን ላገኝ? ላሞቼን እሱ አላባረራቸውም። መግደል ቢያምረኝ አድራሻውን አውቀዋለሁ፤ ፎቅ ላይ ነው፣ መጋረጃ አለው።» ልጁን አስተካክላ አዘለች። «ደግሞ ከትናንት ማታ ጀምሮ ከዚህ ኮሪደር አልወጣሁም። ነርሷን ጠይቋት፤ ሂጂልኝ ብላ ለምናኛለች።»

ነርሷ ተጠየቀች። እውነት ነው፤ ለምናታለች።

*

ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። መጋረጃ አለው። ምንጣፍም አለው፤ ኢንስፔክተሯ በእርጥብ ቡትስ ከበሩ እስከ ወንበሩ ምልክት አድርጋበት ተቀመጠች። ሥራ አስኪያጁ ምልክቱን በዓይኑ ተከተለ።

«በየሳምንቱ ቦዩን ታደርቃላችሁ?»

«ያለ አንዳች ዝንፈት። የኅብረተሰቡ ጤና ለኛ ቀዳሚ ነው። መዝገቡን ላሳይዎት።»

የጠረጴዛውን መሳቢያ ጎተተ። ቁልፉ የነበረበት ቦታ ተገንጥሎ እንጨቱ ተሰንጥቋል።

«ሌባ ገባባችሁ?»

«ኧረ የለም። የቁልፍ መያዣዬ ባለፈው ሳምንት ጠፋብኝ። ሰብሬ ከፈትኩት።» ፈገግ አለ። «እድሜ ነው።»

መዝገቡ ንጹሕ ነው። አንድ ገጽ ለአንድ ወር። በእያንዳንዱ መስመር ቀን፣ ከዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ቦዩና ማሳው ከንጋት እስከ ንጋት ደርቋል»፣ ከዚያ የአውራ ጣት አሻራ።

«የማን ጽሑፍ ነው?»

«የኔ። እንዲህ ያለውን ነገር ለማንም አላምንም።»

የዚህን ወር ገጽ አየች። አንደኛው ሐሙስ። ሁለተኛው ሐሙስ። ሦስተኛው ሐሙስ የዛሬ ነው፤ ደርቋል ይላል። ኢንስፔክተሯ ወደ ቡትስዋ አየች። በመዝገቡ መሠረት ሟቹ የሰጠመው ደረቅ ቦይ ውስጥ ነው፤ እሷም እስከ ወገቧ የራሰችው በደረቅ ቦይ ነው።

አራተኛው መስመር ላይ ጣቷ ቆመ።

የሚመጣው ሐሙስ። «ቦዩና ማሳው ከንጋት እስከ ንጋት ደርቋል።» የጋሽ ሐሙስ አሻራ፣ ድፍን ያለ፣ ሰማያዊ።

ሥራ አስኪያጁ ወሩን በአንድ ጊዜ ጽፎ የሚገላገል ሰው ነው። ጽፎ ረሳው። ከሁሉ በላይ ያናደዳት ይህ ነው። ሰውየው ለመዋሸት እንኳ በየሳምንቱ መድከም አልፈለገም።

«እርስዎ በሩ ጋር የሄዱት መቼ ነው?» አለች፣ መዝገቡን እየዘጋች።

«ከዛሬው ሐዘን በፊት? ኡ… ከወር በላይ ሆኖኛል። ዛሬም ራቅ ብዬ ነው የቆምኩት፤ አይተውኛል።»

«አይቻለሁ። የነገሩኝን እጽፋለሁ፤ ይፈርሙልኝ።»

በሚያምር ጽሑፉ ፈረመ።

ወደ ታች ስትወርድ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ደረጃው ላይ ፋይል አቅፋ ቆማ ነበር። ፋይሉ ባዶ ነው።

«እህቴ» አለች በሹክሹክታ፣ «መሳቢያውን ባለፈው ሳምንት ሰበርኩት አለሽ?»

«በሩን ስትሰሚ ነበር?»

«በሩ ቀጭን ነው። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መሳቢያውንም ቢሮውንም በዓይኔ እያየሁ ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ነው የሄደው። የቢሮውን በር ዛሬ ጠዋት በኔ ቁልፍ ነው የከፈትኩለት። 'የቤቴን ልብስ ለብሼ ወጥቼ ረሳሁት' አለኝ።»

«ይህን ስምሽን ጽፈሽ ትመሰክሪያለሽ?»

ሠራተኛዋ ባዶውን ፋይል ጠበቅ አድርጋ አቀፈች።

«ከአሥራ አራቱ አንዱ የእህቴ ልጅ ነው።»

*

ዓርብ ጠዋት ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ወረቀት ደረሰ። ኢንስፔክተሯ ሁለቴ አነበበችው፣ አጥፋ ኪስዋ ከተተችው፣ ለማንም አልነገረችም። ከዚያ የፍተሻ ትእዛዝ አስወጥታ ወደ ቦዩ ሄደች።

«ምን ልንፈትሽ ነው?» አለ ዝምታው።

«ወለሉን።»

ማዞሪያ ከሌለ በሩ አይዘጋም። ግንበኛው ከጤና ጣቢያ መጣ። ካቴናውን ፈታችለት።

«ከበሩ በላይ ውሃውን የሚይዝ ነገር ልትሠራልኝ ትችላለህ?»

ግንበኛው ቦዩን በዓይኑ ለካ።

«ድንጋይ፣ ጣውላና አሸዋ የተሞላ ጆንያ ካለ በሁለት ሰዓት እገድበዋለሁ። የላይኛውን መፍሰሻ ክፈቱልኝ፤ ውሃው ወደ ወንዙ ይሂድ።»

ጆንያው መጣ። አራሚዎቹ፣ ላብራቶሪዋና የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ሳይጠሩ መጡ፤ እንዲያውም የላሞቹ ባለቤት ጆንያ በጀርባዋ ተሸክማ ስትወርድ ዝምታው ሊያግዛት ሞክሮ «አንተ ወሬህን ተሸከም» ተባለ። ግንበኛው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አስቀመጠ፣ ጣውላ አቆመ፣ ጭቃ መረገ። ሰው እንደዚያ ግንብ ሲገነባ ኢንስፔክተሯ አይታ አታውቅም።

ሥራ አስኪያጁ በዚህ ጊዜ በቀስታ አልመጣም። ሮጠ።

«በማን ፈቃድ ነው! ሩዙ ሊያሽት ነው! ሰኞ እንግዶች ይመጣሉ፤ ሞዴል ማሳ ነው፤ አንድ ቀን ውሃ ቢያጣ ቢጫ ይሆናል!»

«እንደ መዝገቡ ከሆነ ትናንትም ደርቆ ነበር» አለች። «ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ?»

 

ውሃው መውረድ ጀመረ። ጉልበት ደረሰ። ቁርጭምጭሚት ደረሰ። ከዚያ ጭቃው ታየ። ጭቃው ላይ በቀሩት ጥቃቅን ኩሬዎች ውስጥ የሚላወሱ ቀጫጭን ነገሮች ሞልተዋል፤ ሺዎች ናቸው፣ እንደ ተቆራረጠ ክር።

«እነዚህ ናቸው?» አለች አንዷ አራሚ።

«እነዚህ ናቸው» አለች ላብራቶሪዋ። «ፀሐይ ይምታቸው።»

አራሚዋ እግሯን አንስታ ኩሬውን ረገጠችው። ሌላዋም ረገጠች። ሰባቱም ይረግጣሉ።

«ኢንስፔክተር!» ዝምታው ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ በመጨረሻ። ከበሩ አምስት እርምጃ ያህል ርቆ የክንድ ርዝመት ያለው ብረት አነሳ። ማዞሪያው ነው። ጎንበስ እንዳለ ቀረ። «ሌላም ነገር አለ።»

የቁልፍ መያዣ ነው። አራት ቁልፍ። ከበሩ ልክ ሥር፣ ጭቃው ላይ ተኝቷል፤ ገና ዝገት አልነካውም።

ኢንስፔክተሯ በመሐረብ ይዛ ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አሳየች።

«ትናንት ወዲያ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያየሁት ነው» አለች ሠራተኛዋ። ሁሉም ሰማት። «ትልቁ የቢሮው ነው። ትንሹ የመሳቢያው።»

«ባለፈው ሳምንት የጠፋብዎት ቁልፍ» አለች ኢንስፔክተሯ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞራ። «ከወር በላይ ባልሄዱበት ቦታ፣ ረቡዕ ማታ ከቆለፉበት በኋላ ወደቀ። እንዴት ነው ነገሩ?»

ሥራ አስኪያጁ ዙሪያውን አየ። ጥበቃዎቹ ነበሩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ልመታው አልነበረም» አለ። «ቤቴ ቅርብ ነው። ጠዋት በመስኮት ሳይ ውሃው ሲወርድ አየሁ። መጥቼ ክፈት አልኩት። በስርዓት ነው የተናገርኩት! 'አልከፍትም' አለኝ። አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ የተከፈተ ነገር፣ እንግዶቹ ሊመጡ አራት ቀን ሲቀር! ከዚህ ማሳ በኋላ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት እንደምዛወር ቃል ተገብቶልኛል። ያን ሁሉ አንድ ሽማግሌ በር ዘግቶ ሊያበላሽብኝ? ብረቱን ልቀበለው ስል አልለቅም አለ። ታገለኝ። እኔን! ከዚያ… አንዴ ነው። አንዴ ብቻ ነው የመታሁት። ወደ ቦዩ ወደቀ። ሞተ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በሩን ከፈትኩ።»

«መጀመሪያ ወርደው አላዩትም?»

«ሞቷል አልኩሽ እኮ!»

ኢንስፔክተሯ የሐኪሙን ወረቀት ከኪስዋ አወጣች።

«ሳንባው ውሃ ሞልቶታል። የሞተ ሰው ውሃ አይስብም። ጋሽ ሐሙስ በሩን ዘግቶ ስለነበር የወደቀው ጭቃ ላይ ነው። ራሱን ስቶ፣ እየተነፈሰ። በሩን ዘግተኸው ሄደህ ቢሆን ኖሮ አራሚዎቹ በአንድ ሰዓት ያገኙት ነበር፤ ጭንቅላቱን ተሰፍቶ ዛሬ እዚህ ቆሞ ይሰድብህ ነበር። አንተ ብረቱን አንስተህ በሩን ከፈትክ። ውሃውን ለቀቅህበት። ለሩዝህ።»

«እርስዎ» ቀርቶ ነበር። ማንም አላስተዋለም፤ እሱ ካልሆነ በቀር።

«ደግሞ ለከንቱ ነው!» ብላ ጮኸች ላብራቶሪዋ። «ሩዙ አንድ ቀን ቢደርቅ ምንም አይሆንም! አምና በየሳምንቱ እየደረቀ አይደል እንዴ ያፈራው? ሦስት ጊዜ ጽፌልሃለሁ! አላነበብከውም?»

ሥራ አስኪያጁ ሩዙን አየ። አለማንበቡ ከፊቱ ይነበባል።

*

ግንበኛው ከነጭቃው ጤና ጣቢያ ገባ። ልጁ ነቅታ ነበር። ትኩሳቱ ወርዷል።

«አባዬ፣ ሸተትክ» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ። ነርሷ አንሶላው ላይ ስላለው ጭቃ ልትናገር ጀምራ ተወችው።

ሰኞ እንግዶቹ አልመጡም። ማክሰኞ ዐቃቤ ሕጉ የኢንስፔክተሯን ማመልከቻ አነበበ። ሁለት ገጽ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ራሱን ነቀነቀ። በሁለተኛው ላይ እስክሪብቶውን አነሳ።

«ይህን የልጆቹን ነገር አውጪው።»

«ለምን?»

«አንቀጽ የለኝም። የሟቹን ግድያ እከሳለሁ፤ በሐሰተኛ ሰነድም እከሳለሁ። ቦይ ባለማድረቅ አሥራ አራት ሰው ገደለ ብዬ የትኛው ችሎት ፊት ልቁም? ትንኟን ነው የሚያስጠሩኝ።»

«ያው ሰው ነው። ያው በር ነው። ያው ውሃ ነው። አንዱን በአንድ ሩብ ሰዓት አሰጠመ፣ አንቀጽ አለው። አሥራ አራቱን በአሥራ አንድ ሳምንት ፈጀ፣ አንቀጽ የለውም። ቀስ ብሎ የገደለ ይማራል ነው የምትለኝ?»

«እኔ አይደለሁም የምልሽ። መጽሐፉ ነው።»

ሁለተኛውን ገጽ ሰረዘ። እሷ አላነሳችውም፤ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትታው ወጣች።

ግንበኛው ደጅ ላይ ይጠብቃት ነበር።

«እመቤቴ፣ ለጋሽ ሐሙስ ስንት ዓመት ይፈረድበታል ይላሉ?»

«ብዙ።»

«ለሁለቱ ልጆቼስ?»

 ኢንስፔክተሯ መንገዱን አየች፣ ቡትስዋን አየች።

«ምንም» አለች። «ምንም አይፈረድበትም።»

ግንበኛው ራሱን ነቀነቀ፤ ገና ሳይጠይቅ የሚያውቀውን ነገር እንደሰማ ሰው። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

«ያቺን ማዞሪያ ይስጡኝ።»

«ለፍርድ ቤት ማስረጃ ናት።»

«እንግዲያው አምሳያዋን አሠራለሁ። ነገ ወዲያ ሐሙስ ነው።»

አሠራ። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ፣ ማንም ሳያዘው፣ አዲሱን ብረት ብሎኑ ላይ ሰክቶ በሩን አወረደ። አራሚዎቹ ቦዩ ዳር ቆመው ውሃው ሲወርድ አዩ፤ ጭቃው ሲሰነጠቅ እስኪያዩ ድረስ የሄደ የለም። ኢንስፔክተሯም ነበረች። በደረቅ ቡትስ ቦዩ ውስጥ ወርዳ ከዳር እስከ ዳር ተራመደች። ስትወጣ ቡትስዋ አልራሰም።

ጣቢያዋ ተመልሳ ማስረጃ የተባለውን መዝገብ ከፈተች። ያን ገጽ አወጣች። አራተኛው መስመር። የዛሬ ቀን። «ቦዩና ማሳው ከንጋት እስከ ንጋት ደርቋል።» ከጎኑ የጋሽ ሐሙስ አውራ ጣት።

ከአሥራ አንድ ሳምንት ወዲህ በመዝገቡ ከተጻፈው ውስጥ እውነት የሆነው ይህ መስመር ብቻ ነው። የፈረመው ከሞተ ሳምንቱ ነው።